60 ሺ ብር ይዤ ፒኤስ4 ልግዛ ወይስ ፒሲ? እረ ገላግሉኝ

ገና_ጀማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ። ነገሩ እንዲ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ አጎቴ ሱቅ ስሰራ ከርሜ ከእቁቡ ጋር ደምሬ 60 ሺ ብር አካባቢ አጠራቅሜያለው፣ ይሄ ብር ሌላ ነገር ሳይበላው በፊት መጫወቻ ልገዛበት ነው። ልቤ ያለው ፒኤስ4 ላይ ነበር ምክንያቱም ሰፈር ያሉት ጓደኞቼ ሁሉም ያላቸው እሱ ነው፣ ፒኤስ5ን አታንሱብኝ አቅሜ አይደለም። ግን ባለፈው ሳምንት አንዱ የዶርም ልጅ "አንተ የሲቪል ተማሪ ሆነህ ኮምፒውተር ሳይኖርህ ፕሌስቴሽን ትገዛለህ እንዴ" ብሎ አሸማቀቀኝ፣ ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ጥያቄዬ፣ ፒሲ ላይ መጫወት የምር ከኮንሶል የሚሻልበት ነገር ምንድነው? ዩቲዩብ ላይ የማያቸው ሰዎች አርቲኤክስ ምናምን እያሉ የሚያወሩት ዕቃ የኛ ቤት የሁለት አመት ኪራይ ነው። እኔ የምፈልገው በኛ አገር፣ በኛ መብራት፣ በኛ ኢንተርኔት ሞክሮ ያየው ሰው እንዲነግረኝ ነው። ደሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ቤታችን ያለው ቲቪ አንድ ነው፣ ማታ ማታ እማዬ የቱርክ ድራማዋን ታይበታለች፣ እሷን ከዛ ቲቪ ፊት አስነስቶ ኤፍሲ (የኳስ ጌሙን) የሚጫወት ወንድ እስካሁን አልተወለደም ሃሃሃ።

የፔስ_ሱሰኛ፦
ብሮ ራስህን አታሰቃይ ፒኤስ4 ግዛ። ኮንሶል ማለት ሰክተህ አብርተህ መጫወት ነው። ፒሲ ያላቸውን ጓደኞቼን አውቃቸዋለው፣ አንድ ሰአት ከተጫወቱ ሁለት ሰአት ድራይቨር ሲያወርዱ ነው ሚውሉት፣ "ቆይ ሴቲንጉን ላስተካክል" "ቆይ ሪስታርት ላድርገው" እያሉ ሻይ ቀዝቅዞ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። ፒኤስ4 ላይ ግን ሁለት ጆይስቲክ፣ አራት ሰው፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ በቃ። የጌም ጣዕሙ እሱ ነው እንጂ ብቻህን ክፍል ተዘግተህ ኪቦርድ መደብደብ አይደለም።

ደሞ ሲዲ አለ። አንድ ሲዲ ገዝተህ ስትጨርሰው ከጓደኛህ ጋር ትቀያየራለህ ወይ መልሰህ ትሸጠዋለህ፣ ፒሲ ላይ የገዛኸው ጌም አካውንትህ ላይ ታስሮ ነው ሚቀረው፣ ለማንም አትሸጠውም። ይሄን የፒሲ ልጆች ሲያወሩት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አይነግሩህም። ኤፍሲ ደግሞ እስካሁን ለፒኤስ4 እየወጣ ነው፣ ኤፍሲ 26 ራሱ አለው፣ ስለዚ አርጅቷል የሚሉህን አትስማ።

የእናትህን ጉዳይ ግን መፍትሄ የለኝም፣ እኛም ቤት ያው ነው።

ኬብል_ነቃይ፦
ከላይ የተጻፈው ሲዲ የሚለው ነገር እውነት ነው፣ እሱን አልክድም። ሌላው ላይ ግን ትንሽ ላውራ፣ ስራዬ ጥገና ስለሆነ ሁለቱም ተበላሽተው እጄ ላይ ይመጣሉ።

ወንድሜ መጀመሪያ ከጭንቅላትህ የምታወጣው "ጌሚንግ ፒሲ" የሚባለውን መብራት የሚያበራ ባለ መስታወት ኬዝ ነው። አንተ የምትፈልገው ቢሮ ውስጥ ሲሰራ የኖረ፣ ከዱባይ ተጭኖ የመጣ ጥቁር ዴስክቶፕ ነው፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም የኤችፒው ኢሊትዴስክ። ገበያው ሞልቷል፣ ባንክ ቤትም ትምህርት ቤትም የምታየው እሱን ነው። ስትገዛ ግን ሁለት ነገር ያዝ። አንደኛ ፕሮሰሰሩ 8ኛ ጄኔሬሽን የኢንቴል አይ5 ይሁን፣ ለምን ካልከኝ ኢንቴል እስከ 7ኛ ድረስ የዴስክቶፕ አይ5ን በአራት ኮር ነበር የሚሰራው፣ ከ8ኛ ጀምሮ ነው ስድስት የሆነው፣ ዊንዶውስ 11ም በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ወዲህ ያለውን ነው፣ የዊንዶውስ 10 ነገር ደግሞ በኦክቶበር 2025 ስላበቃለት በ6ኛ ጄኔሬሽን ርካሽ ነው ብለህ እንዳትሸወድ። ሁለተኛ ቀጭኑን ሳይሆን ወፍራሙን፣ ታወር የሚሉትን ውሰድ። ቀጭኑ ውስጥ የሚገባው ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሰራው ዕቃ) ቁመቱ አጭር የሆነው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ሲገኝ ዋጋው ያናድዳል።

ከዛ ካርዱ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። እነዚህ የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሰፕላያቸው 240 እና 260 ዋት አካባቢ ነው፣ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የፓወር ገመድም አብዛኞቹ የላቸውም። ስለዚ ከማዘርቦርዱ ስሎት ብቻ የሚመገብ ካርድ ነው ምትፈልገው፣ ስሎቱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና ጂቲኤክስ 1650 እዛ ውስጥ ይገባሉ። 1650 ላይ ተጠንቀቅ፣ አንዳንዱ ባለ 6 ፒን ቀዳዳ አለው፣ እሱን ተወው፣ ጠርዙ ላይ ምንም ቀዳዳ የሌለውን ነው ምትወስደው። አንዱ መጥቶ አርኤክስ 580 በርካሽ ልስጥህ ካለህ እንዳይማርክህ፣ ጥሩ ካርድ ነው ግን ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጋል፣ መብራትም ይበላል፣ ብዙዎቹም ክሪፕቶ ማይኒንግ ላይ ሌትና ቀን ሲጠበሱ የኖሩ ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ፣ ከኮንሶል በምን ይሻላል ላልከው። ለኔ ዋናው ነገር ፒሲን ቆራርጠህ መግዛት መቻልህ ነው። ፒኤስ4 ግማሹን ዛሬ ግማሹን ጥር ላይ አትገዛም። ፒሲ ላይ ግን ዛሬ ያለ ካርድ ማሽኑን ብቻ ገዝተህ፣ ፔስ 2017ም ሳን አንድሪያስም ካውንተር ስትራይክ 1.6ም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ እየተጫወትክ ትከርማለህ፣ ዶታ 2 ራሱ ሴቲንጉ ዝቅ ተደርጎ ይሄዳል። ብር ስትይዝ ራም ትጨምራለህ፣ ከዛ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ሃርድ ዲስክ)፣ ከዛ ካርዱን። ራም ሰሞኑን በመላው አለም ስለተወደደ ግን 16 ጊባ ያለው ማሽን ካገኘህ ትንሽ ጨምረህም ቢሆን እሱን ውሰድ። ሲበላሽም እንደዛው ነው፣ የተበላሸችዋን ብቻ ታወጣለህ። ኮንሶል ግን ኤፒዩው (ፕሮሰሰርና ግራፊክስ አንድ ላይ ያለበት ቺፕ) ከሄደ ቦርዱ በሙሉ ሄደ ማለት ነው፣ እኔ ጋ በላስቲክ ተጠቅልለው ባለቤታቸው ያልተመለሰላቸው ስንት ፒኤስ4 እንዳሉ ብታይ።

ዋጋ አልጽፍልህም፣ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ዛሬ ብነግርህ ነገ ውሸታም ትለኛለህ።

ጨዋ_ሰው፦
ሁለቱንም ተውና 60 ሺውን ለእናትህ ስጥ። ሃሃሃ ቀልዴን ነው። ግን ደሞ።

ሚጡ_ዲዛይን፦
ሰላም፣ እኔ ብዙ የጌም ሰው አይደለሁም ግን ይሄ ርዕስ የኔ ታሪክ ስለሆነ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

ታናሽ ወንድሜ የዛሬ አራት አመት ገደማ "ለጌም" ብሎ ፒሲ ሊገዛ ሲል ቤት ውስጥ ጦርነት ነበር፣ አባዬ "መጫወቻ በዚህ ብር?" ብሎ ለሁለት ሳምንት አኮረፈ። መጨረሻ ላይ ገዛው፣ ልክ ከላይ እንደተባለው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ላይ ካርድ ተጨምሮበት። እሱ ማታ ማታ ይጫወታል፣ ቀን ዩኒቨርስቲ ነው። ቀን ማሽኑ ባዶውን ተቀምጦ ሳየው ፎቶሾፕ ጫንኩበት፣ በቃ እንደዛ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ ከዛ የሱቅ ሎጎ፣ ከዛ ለቲክቶክ ቪዲዮ ማቀናበር። ለጌም ተብሎ የተገዛው ካርድ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ እንዴት እንደሚያፈጥን ያየሁ ቀን ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅኩት ሃሃ። አሁን የዛን ማሽን ወጪ ብዙ እጥፍ መልሻለው፣ አባዬም ሰው ሲመጣ "ልጄ በኮምፒውተር ነው የምትሰራው" እያለ ያስጎበኛል፣ ማኩረፉን ረስቶታል።

አንተ ደሞ ሲቪል ነኝ ብለሃል፣ አውቶካድ ያስፈልግሃል፣ ኢታብስ (የህንጻ ስሌት የሚሰራው ሶፍትዌር) ያስፈልግሃል፣ ሶስተኛ አመት ስትደርስ በስልክ አይሆንም። ጓደኛህ ያሸማቀቀህ እውነቱን ነው። ፒኤስ4 ከገዛህ ከስድስት ወር በኋላ ላፕቶፕ ልትለምን ነው፣ ፒሲ ከገዛህ ግን ጌሙ በትርፍነት ይመጣል። እናትህንም "የትምህርት ዕቃ ነው" ብትላት አልዋሸሃትም።

አንድ የማስጠነቅቅህ ነገር ቢኖር ፒሲ ካለህ የሰፈሩ ሲቪ ጸሀፊ ትሆናለህ፣ ጎረቤት ሁሉ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ቫይረሱንም ይዞልህ ይመጣል።

ባለ_ጌም_ቤት፦
እንደምን ዋላችሁ ልጆች። እኔ ከናንተ በዕድሜ ሳልበልጥ አልቀርም፣ ፕሌስቴሽን ቤት ከፍቼ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ ከፒኤስ2 ጀምሮ እስከ ፒኤስ4፣ ባለፈው አመት ነው የዘጋሁት።

የፔስ ሱሰኛ የሚለው ልጅ ያወራው ለጌም ቤት ልክ ነው። እኔ ራሴ ፒሲ አስገብቼ አላውቅም። ደንበኛ ሲመጣ ጆይስቲክ ይይዛል፣ ጨዋታው ያልቃል፣ ይከፍላል፣ ይነሳል፣ ፒሲ ቢሆን አንዱ ፎርማት አድርጎልኝ ነበር የሚሄደው። ለቤት ግን ሌላ ሂሳብ ነው፣ እስኪ ከእጄ ያለፈውን ልንገራችሁ።

ፒኤስ2 ሲሞት የሲዲ ሌንሱ ነው፣ "ዲስክ ሪድ ኤረር" የምትለዋን ጽሁፍ ስንት ጊዜ በጥጥና በአልኮል እንደጠረግናት እግዜር ይወቀው፣ ማሽኑን ገልብጠን ያጫወትንበትም ጊዜ አለ። ፒኤስ3 ሲመጣ እቤቴ በካርቶን የነበረው የፒኤስ2 ሲዲ ሁሉ ስሊሙ (ቀጭኑ ፒኤስ3) ላይ አልሰራ አለ። ፒኤስ4 ሲመጣ ደግሞ የፒኤስ3ው ሲዲ አልሰራ አለ። በእያንዳንዱ ዙር ከዜሮ ነው የምትጀምረው። ፒኤስ5 ላይ እንኳን የፒኤስ4ቱን አብዛኛውን ይቀበላል፣ እሱን አሻሽለውታል። አሁን የልጄ ኮምፒውተር ላይ ግን በ2004 የወጣው ሳን አንድሪያስም በ2025 የወጣው ጌምም እኩል ተደርድረው ያሉት አንድ ስክሪን ላይ ነው። የድሮ ፒኤስ2 ጌሜን ራሱ ፒሲኤስኤክስ2 በሚባል ኢሙሌተር (ፒሲውን እንደ ፒኤስ2 በሚያሰራ ሶፍትዌር)፣ ካርቶን ውስጥ የነበረውን የራሴን ሲዲ ገልብጦ አስነሳልኝ፣ ያውም ምስሉ ከድሮው ጠርቶ። እውነት ለመናገር ዓይኔ እንባ አቅርሯል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ሱቄን ኪራይ የከፈልኩት በዛች ጌም ነው።

ሌላው ጆይስቲክ ነው። ፒሲ ማለት ኪቦርድ ብቻ ይመስላችኋል መሰለኝ። የፒኤስ4ቱን ጆይስቲክ በቻርጀር ገመዱ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታችሁ ስቲም (የፒሲ ጌም የሚገዛበት ሶፍትዌር) ውስጥ ታጫውታላችሁ፣ ሁለት ከሰካችሁ ለሁለት ነው። ስለዚህ "የተሸነፈ ይነሳል" ፒሲም ላይ ይሰራል፣ ሞኒተሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ትከሻ ለትከሻ ትጠባበቃላችሁ። ኤችዲኤምአይ ስላለው እናትህ ቤተክርስቲያን የሄዱ እለት ደግሞ ቲቪው ላይ ትሰካዋለህ።

መብራት ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ እኔን ያከሰረኝ እሱ ነው። ሄዶ ሲመለስ ከፍ ብሎ ነው የሚመለሰው። ስታብላይዘር ሳትይዙ ሁለቱንም እንዳትሰኩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ትንሿን ዩፒኤስ ጨምሩበት፣ እንዲህ አይነቱ ባለ 1650 ማሽን ብዙ ስለማይጎትት፣ ባትሪው ደህና ከሆነ፣ መብራት ሲሄድ ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት የሚሆን ደቂቃ ይሰጣችኋል።

ቨርጂኒያ_ማዶ፦
ጋሼ ባለ ጌም ቤት እድሜ ይስጥዎት፣ ያቺን ጽሁፍ ሲያነሱ ልጅነቴን ነው ያስታወሱኝ፣ እኛ ሰፈር የፔስ ጨዋታ በሳንቲም ነበር።

እኔ አሜሪካ ቨርጂኒያ ነው ምኖረው፣ ሁለቱም አለኝ፣ ስለዚ ከኮንሶሉ ጋር ጸብ የለኝም። ግን ገንዘቡን ላስላላችሁ። ፒኤስ5 በ2020 ሲወጣ 499 ዶላር ነበር፣ በኦገስት 2025 ደግሞ 549 አደረጉት። ልብ በሉ፣ አምስት አመት ሊሞላው የደረሰ ዕቃ ነው የጨመረው፣ ድሮ ኮንሶል በቆየ ቁጥር ይረክስ ነበር፣ ፒኤስ2 እንዴት እንደወረደ ታስታውሳላችሁ። ከዛ የከፈልክበትን ጌም ኢንተርኔት ላይ ከሰው ጋር ለመጫወት ፒኤስ ፕላስ የሚባለው የአባልነት ክፍያ ውስጥ መግባት አለብህ፣ ትንሹ ፓኬጅ እዚህ በ2025 በአመት 80 ዶላር ነበር። ኢንተርኔቱን ለቴሌ ከፍለህ፣ ጌሙን ከፍለህ፣ ከዛ ለመጫወት ፈቃድ ደሞ ትከፍላለህ። ፒሲ ላይ ይሄ የሚባል ነገር የለም፣ ስቲም ከከፈትክ ኦንላይን መጫወት በነጻ ነው፣ ኤፒክ የሚባለው ሌላው የጌም መሸጫ ደግሞ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ነጻ ጌም ሲያድል ነው የኖረው፣ የኔ አካውንት ላይ ገንዘብ ያላወጣሁባቸው ስንት ጌሞች ተከምረዋል፣ ግማሹን ከፍቼ አላየሁም።

ለኢትዮጵያ ልጅ ደግሞ የሚብስ ነገር አለ። ሶኒ ፒኤስኤንን (የፕሌስቴሽን ኦንላይን አገልግሎቱን) በይፋ ከከፈተባቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚ ሰዉ ሁሉ አካውንት ሲከፍት አሜሪካ ነኝ፣ እንግሊዝ ነኝ እያለ ነው፣ የባንክ ካርዱ ደሞ አካውንቱ ከተከፈተበት አገር ጋር ካልገጠመ አይቀበልም፣ ጊፍት ካርድ ፍለጋ ትገባለህ። ስቲም ላይ ግን ኢትዮጵያ ብለህ ትከፍታለህ፣ ዋጋው በዶላር ነው ግን ማንነትህን አትደብቅም። ወንድሜ ጎንደር ነው ያለው፣ ለበዓል ብር ስልክለት "ስቲም ካርዱን አትርሳ" ይለኛል፣ ኮዷን በቴሌግራም እልክለታለው፣ አለቀ። ቅናሽ እየጠበቀ በ20 ዶላር አራት አምስት ጌም ይገዛል። የገዛኸው ካልጣመህ ደሞ በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰአት በታች ከተጫወትክ ይመልሱልሃል። ሁሉም ማር ነው አልልም፣ በሜይ 2024 ሄልዳይቨርስ 2 የሚባለው ጌም ላይ ሶኒ የፒኤስኤን አካውንት ግዴታ ነው ሊል ሲል ፒኤስኤን በሌለባቸው አገሮች ሁሉ ከስቲም ሽያጭ ወረደ፣ ተጫዋቹ ጮሆ ግዴታውን አስነሳ። ያ ጣጣ ፒሲ ላይ እንግዳ ነገር ስለሆነ ነው ሰዉ የጮኸው፣ ኮንሶሉ ላይ ግን የኛ ሰው በየቀኑ የሚኖርበት ነው።

ከውጭ ዕቃ ለምታስመጡ አንድ ነገር ልናገርና ልጨርስ፣ እኔ ከስሬበታለው። የመጀመሪያ ፒሲዬን ይዤ አገር ቤት ስሄድ ከአንዱ በርካሽ የገዛሁት ፓወር ሰፕላይ ጀርባው ላይ ቀይ ትንሽ ማብሪያ ነበረው፣ 115 እና 230 የሚል። አሜሪካ 120 ቮልት ስለሆነ 115 ላይ ነው የተቀመጠው። ጎንደር ደረስኩ፣ ቤተሰብ ተሰብስቧል፣ ቡና ተፈልቷል፣ "እስኪ አሳየን" ተባለ፣ ሰካሁት። ጧ! አለ፣ ነጭ ጭስ ወጣ፣ አያቴ አማተበች። ቤቱ ለሶስት ቀን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ደግነቱ የሞተው ፓወሩ ብቻ ነው፣ ሌላው ተርፏል፣ እዛው አንድ ያገለገለ ፓወር ገዝቼ ቀየርኩት። ኮንሶል ቢሆን ይሄ አይደርስብህም፣ ፒኤስ4ም ፒኤስ5ም የፈለከው ቮልት ላይ ይሰራሉ፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። ግን ፒሲም ደህናው ፓወር ሰፕላይ ራሱ ነው ሚያስተካክለው። ያቺን ቀይ ነገር ካያችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ጣታችሁን ላኩባት።

የፔስ_ሱሰኛ፦
እሺ እሺ ተሸነፍኩ አልልም ግን አንድ ጥያቄ። ጂቲኤ 6 ሲወጣ ምን ልትሆኑ ነው? በኖቬምበር 2026 ለፒኤስ5 እና ለኤክስቦክስ ተብሏል፣ ለፒሲ ግን ቀን የለውም። ያኔ ሁላችሁም እኛ በር ላይ ታንኳኳላችሁ።

ኬብል_ነቃይ፦
ሃሃሃ አቦ ልክ ነህ፣ እናንኳኳለን። ጂቲኤ 5 ራሱ በ2013 ኮንሶል ላይ ወጥቶ ፒሲ ላይ የደረሰው 2015 ነው። ግን ፒኤስ5 ነው ያልከው ወንድሜ፣ ልጁ ሊገዛ ያሰበው ፒኤስ4 ነው፣ ፒኤስ4 ላይም አይመጣም። ስለዚ እሱ በሁለቱም መንገድ ጠባቂ ነው፣ ፒሲ ይዞ ቢጠብቅ ቢያንስ ጂቲኤ 5 ላይ ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው የሚሰሩትን ተጨማሪ ነገር) እየጫነ ይጠብቃል። ኮንሶል ላይ እሱን አታገኝም። እኔ መንገዱ ላይ ሰማያዊ በነጭ ሚኒባስ አስገብቼ ስነዳ ብታየኝ፣ በር ላይ ረዳት ብቻ ነው የጎደለኝ።

ኤፍሲም ቢሆን ልንገርህ፣ ፒኤስ4 ላይ የሚወጣው የድሮው ትውልድ ነው፣ ፒሲ ላይ ከፊፋ 23 ጀምሮ የሚመጣው ከፒኤስ5 ጋር አንድ አይነቱ ነው፣ ኦንላይንም ከፒኤስ5 ልጆች ጋር ያጋጥምሃል። እኔ 1050 ቲአይ ላይ ኤፍሲ 25ን ሴቲንጉን ዝቅ አድርጌ ተጫውቼዋለው፣ ሳሩ ትንሽ ምንጣፍ ይመስላል እንጂ ጎሉ ይገባል።

ገና_ጀማሪ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ ሚጡን፣ የጻፍሽውን ለእማዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና "ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት፣ አግብታለች?" አለችኝ፣ እና በቃ በዛው ፈቀደች።

ትላንት ሄጄ ነበር። የመጀመሪያው ሱቅ ኬዙ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ፣ "1050 ቲአይ አለው፣ 4 ጊባ" ብሎ የሚማርክ ዋጋ ጠራልኝ። ካርዱን ከጀርባ ሳየው ግን ያ ሰማያዊው የድሮ ሞኒተር መሰኪያ፣ ቪጂኤው አለበት። ለኬብል ነቃይ በውስጥ ፎቶ ልኬለት "ጂፒዩ ዜድ የምትል ትንሽ ሶፍትዌር በፍላሽ ጭነህ ክፈትበት" ብሎኝ ስለነበር ከፈትኩት፣ ከስሙ ፊት "ፌክ" ብሎ ጻፈ። ልጁ ፊቱ ቀላ፣ "እኔም ተሸውጄ ነው የገዛሁት" አለኝ፣ ሊሆን ይችላል አላውቅም፣ ወጣሁ።

ሁለተኛው ጋ ኦፕቲፕሌክስ አገኘሁ፣ ወፍራሙን፣ 8ኛ ጄኔሬሽን አይ5፣ 16 ጊባ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ። ከነሞኒተሩ ወሰድኩት፣ ካርዱ አልደረሰኝም፣ ለገና አጎቴ ሱቅ ተመልሼ ገብቼ እሞላዋለሁ። ቀይዋን ማብሪያ ከጀርባ ፈለግኳት፣ ጭራሽ የለችም፣ 100-240 ነው የሚለው፣ እንደዛም ሆኖ ስሰካው አይኔን ጨፍኜ ነው። አሁን ፔስ 2017 እየሄደ ነው፣ አራት ልጅ አልጋዬ ላይ ተደርድሯል። ችግሩ እማዬ ዩቲዩብ ላይ ያመለጣት ክፍል እንዳለ ስላየች ከ2 ሰአት በኋላ ኮምፒውተሩም የሷ ሆኗል።

አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ኤፍሲ 26 ካርዱ ሲገባ ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታወቀ ሶፍትዌር የሚከለክለው ሴቲንግ) ካልበራ አይከፍትም ይላሉ፣ እሱ የት ነው ያለው?

ኬብል_ነቃይ፦
ጥሩ አይን አለህ፣ ያቺን ቪጂኤ ስንቱ አላያትም መሰለህ። እነዛ ካርዶች የድሮ ጂቲኤስ 450 ምናምን ናቸው ስማቸው ተቀይሮ፣ እውነተኛው 1050 ቲአይ ቪጂኤ የለውም።

ስታበራው የዴል ምልክት እንደመጣ ኤፍ2ን ነካ ነካ አድርግ፣ ሴቲንጉ ይከፈታል፣ ሴኪዩር ቡት የሚል መስመር በግራ በኩል ታገኛለህ፣ ኢኔብል አድርገህ አፕላይ። ግን ከዛ በፊት ዊንዶውሱ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማስነሻ ዘዴ) መጫኑን አረጋግጥ፣ ሱቁ በድሮው ሌጋሲ ከጫነልህ አይነሳልህም፣ እንደገና መጫን ሊያስፈልግህ ይችላል። ስታርት ሜኑ ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብለህ ፈልግ፣ "ባዮስ ሞድ" ከሚለው ፊት ምን እንደተጻፈ ንገረኝ። እናትህ ድራማውን ሲጨርሱ ማለቴ ነው።